ሁለት ሽቦና አንዲት ካንዴላ

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካውያን ወጣቶች ከባልሳ እንጨትና ከስስ ወረቀት በሚሠሯቸው ሞዴል አውሮፕላኖች ላይ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮችን መግጠም ጀመሩ። አውሮፕላኑ ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ የሚያዘው አልነበረም። ነዳጁ እስኪያልቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ነፋስ ወደ መራው ይሄዳል። የብዙ ሳምንት ልፋት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከዐይን ርቆ ይቀር ነበር።

ይህን ችግር የፈታው ስልት የተስፋፋው ከኦሪገን ግዛት ተነሥቶ ነው። በፖርትላንድ ከተማ የመጫወቻ አውሮፕላን ያመርት የነበረው ጂም ዎከር «ዩ-ኮንትሮል» ያለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1942 በፓተንት አስመዘገበ። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው ላይና ታች የተነሡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አውሮፕላኑ ውስጥ ካለች፣ መሐሏ በብሎን ከተያዘች ትንሽ ሳህን ጋር ይታሰራሉ። እጅ ሲያዘነብል ሳህኗ ትዞራለች፤ ከእሷ የተያያዘው ዘንግ የጅራቱን ማጠፊያ ያነሣል ወይም ይጥላል፤ አውሮፕላኑም ይወጣል ወይም ይወርዳል።

አውሮፕላኑ አብራሪውን እየዞረ ስለሚበር ሽቦውን የሚወጥረው ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል ነው። ሽቦ ከረገበ ትእዛዝ አይደርስም። ለዚህም ሠሪዎች በውጪው ክንፍ ጫፍ ጥቂት ክብደት ይጨምራሉ፤ የሞተሩን አፍንጫም በመጠኑ ወደ ውጭ ያዞራሉ። ዎከር ራሱ በሁለት እጆቹ ሁለት፣ በራሱ ላይ ባሰረው ደግሞ ሦስተኛ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ እያበረረ ሕዝብ ያስደንቅ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ከሞተሩ መጣ። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ብልጭታ ለማግኘት ባትሪ፣ ኮይልና ኮንደንሰር ይሸከሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ሬይ አርደን ለገበያ ያቀረባት የግለት ካንዴላ ይህን ሸክም አስቀረች። በውስጧ የተጠመጠመው የፕላቲነም ሽቦ ለማስነሻ ብቻ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ የሜታኖል ተን ከፕላቲነሙ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ሙቀትና የፒስተኑ እመቃ ማቀጣጠሉን ይቀጥላሉ። ሜታኖሉ ከጉሎ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ሞተሩን ያለሰልሳል። ኃይል ለመጨመር ናይትሮሜቴን ይታከልበታል።

ሞተር ሲቀልና ሲረክስ ሜዳው ለልጆች ተከፈተ። በካሊፎርኒያ የሊሮይ ኮክስ ፋብሪካ 0.8 ሲሲ ገደማ የሆኑ ሞተሮችንና ተገጣጥመው ያለቁ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችን በብዛት አወጣ። ዎከር ፓተንቴ ተጣሰ ብሎ ኮክስን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሌላ የኦሪገን ሰው ያንኑ አሠራር ቀድሞ እንደተጠቀመበት አረጋግጦ ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። ዎከር ስልቱን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው መሆኑ አይካድም፤ የቀዳሚነቱ ክብር ግን የሴንት ክሌር ነው።

ዛሬ ስፖርቱ በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ሥር አራት ዋና ዋና ውድድሮች አሉት፦ ፍጥነት፣ የአየር ትርኢት፣ የቡድን ሩጫ እና የተቀናቃኝን የወረቀት ጅራት በፕሮፔለር የመቁረጥ ፍልሚያ። በፍጥነት ውድድር የክቡ ራዲየስ 17.69 ሜትር ነው፤ 9 ዙር ልክ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በቡድን ሩጫ ደግሞ 15.92 ሜትር ስለሆነ 10 ዙር ይበቃል። የብረት ሽቦ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከኃይል መስመር አጠገብ ማብረር ክልክል ነው።

በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴሎች ሲረክሱ ብዙዎች ወደዚያ ሄዱ። ሽቦውን ያልተዉት ግን በሬዲዮ የማይገኝ ነገር አላቸው፤ የአውሮፕላኑ ጉተታ በቀጥታ መዳፋቸው ላይ ይሰማቸዋል።