እንግሊዝኛ «አንተ»ን የት ጣለው?

እንግሊዝኛ መማር ስንጀምር ብዙዎቻችንን ደስ የሚለን አንድ ነገር አለ። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ እያለ ያስመርጠናል፤ እንግሊዝኛ ግን ሁሉንም በአንዲት «ዩ» ይጨርሰዋል። ለሕፃኑም «ዩ»፣ ለአያቱም «ዩ»። «እንግሊዞች እኮ አንቱታ የላቸውም፣ ሁሉንም አንተ ነው የሚሉት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ታሪኩ ግን የሚነግረን ተቃራኒውን ነው፦ ከቋንቋው የጠፋው «አንተ» ነው፤ የቀረው «እርስዎ» ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ጥንት እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው አንድ ተውላጠ ስም ነበረው፤ ይህም በኋላ «ዛው» የሆነው ቃል ነው። «ዩ» ደግሞ የብዙ ቁጥር ነበር። ልዩነቱ የቁጥር እንጂ የክብር አልነበረም።

በ1066 (እ.ኤ.አ.) ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ፈረንሳይኛ ለቅርብ ሰው «ቱ»፣ ለሚከበር ሰው ደግሞ የብዙ ቁጥሩን «ቩ» ይላል። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝኛም ይህንኑ ልማድ ያዘ። ጌታ አገልጋዩን «ዛው» ሲለው፣ አገልጋዩ ጌታውን «ዩ» ይለው ጀመር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «እነሱ መጡ» እና «እርስዎ መጡ» ስንል ግሡ አንድ ነው፤ አማርኛም ሰውን የሚያከብረው አብዝቶ ነው።

ታዲያ ምርጫ ባለበት ስድብም አለ። በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ተከሶ ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ችሎት ፊት ሆን ብሎ «ዛው» እያለ አዋረደው። ከዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ጆርጅ ፎክስና ተከታዮቹ ኩዌከሮች «ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው» ብለው ባለሥልጣኑንም ዳኛውንም «ዛው» አሉ፤ ባርኔጣቸውንም ለማንም አላወልቅ አሉ። ብዙዎቹ ለእምነታቸው ታስረዋል፣ ተደብድበዋል፤ ይህ አነጋገራቸውም ከሚያስቆጣው ነገር አንዱ ነበር። አንዲት ተውላጠ ስም ይህን ያህል ዋጋ ታስከፍል ነበር!

«ዛው» ለምን ጠፋ? በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ከተሞች ሲያድጉ ሰው የማያውቀውን ሰው በየቀኑ ማነጋገር ጀመረ። የሰውየውን ማዕረግ ካላወቅህ ምን ትለዋለህ? ከማስቀየም ማክበር ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያለ «ዩ» የሁሉም ሆነ። በ18ኛው መቶ ዘመን «ዛው» በአንዳንድ አካባቢዎች ንግግር፣ በቅኔና በጸሎት ብቻ ቀረ። በጸሎት መቅረቱ አይግረማችሁ፤ እኛም እግዚአብሔርን «አንተ» ነው የምንለው።

ተውላጠ ስሙ አንድ ሲሆን ግን አክብሮት አልሞተም፤ ቦታ ነው የቀየረው። «ፕሊዝ» የመጣው «ደስ ካሰኘዎት» ከሚል ሐረግ ነው። «ኩድ» እና «ዉድ» በመሠረቱ የ«ካን» እና የ«ዊል» ኃላፊ ጊዜ ናቸው። ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ ስናርቀው ጥያቄው ይለዝባል፤ ለተጠያቂውም እምቢ የሚልበት ቀዳዳ ይተውለታል።

ለእኛ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ውሃ ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ። ቃል በቃል ተርጉመን «ጊቭ ሚ ዎተር» ስንል ግን ያ አክብሮት መንገድ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰሚው የሚሰማው ትእዛዝ ብቻ ነው። «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዎተር፣ ፕሊዝ?» ብንል ግን «ይስጡኝ» ያልነው ያህል ይሆናል። ለቅርብ ጓደኛ ደግሞ ይህን ማብዛት ያራርቃል። ወንድማችሁ ድንገት ተነስቶ «እርስዎ» ቢላችሁ «ምን አስቀየምኩት?» አትሉም?

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «ዩ» ስትሉ፣ «አንተ» እያላችሁ እንዳልሆነ አስታውሱ።