የእምነት ባልንጀርነት በሮም፦ አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው
በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ ገዳማት በተቃጠሉበት ዘመን ከሀገር የወጡት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ ሮም ደርሰው የተቀመጡት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሆን፣ ይህም የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች፣ ማለትም ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም የሚጓዙ ምእመናን፣ ማረፊያ ነበር። በዚያም ከእምነት ባልንጀሮቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆነው፣ በሀገር ቤት በብራና፣ ማለትም ተፍቆ በለሰለሰ ቆዳ ላይ፣ በእጅ ብቻ ይጻፍ የነበረውን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። ፊደል ለቃሚዎቹ፣ ማለትም የማተሚያ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ ቃል የሚገጥሙት ሠራተኞች፣ ግዕዝ ስለማያውቁ፣ መነኮሳቱም የኅትመትን ጥበብ ስላልተማሩ፣ ሥራው አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ ተፈጸመ፤ መነኮሳቱም ለቀረው ስሕተት አንባቢን በዚያው መጽሐፍ ይቅርታ ጠየቁ። ከሀገር ርቀው በአንድ ማዕድና በአንድ ጸሎት የጸኑት የእነዚህ ወንድማማቾች ባልንጀርነት፣ የስደትን ናፍቆት ለትውልድ ወደሚተርፍ በረከት የለወጠ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ ውስጥ በፍቅርና በክብር ሊታወስ ይገባዋል።