ክራሽ፦ ድምፅ የሌለው ስብራት

ይህን የእንግሊዝኛ ቃል በቅጡ የተዋወቅሁት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በምሠራበት ባንክ መስኮት ላይ ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ሥራ አቆሙ። ከኋላዬ አንድ ባልደረባዬ «ሲስተሙ ክራሽ አደረገ!» ብሎ ጮኸ። ከፊቴ የቁጠባ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩ እናት ቆመው ነበር። ቃሉን አያውቁትም፤ ድምፁ ግን በቃቸው። «ምን ተሰበረ ልጄ? ገንዘቤስ?» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ እኚያ እናት አልተሳሳቱም። ክራሽ ከድምፅ የተወለደ ቃል ነው፤ ከ1400 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ በኃይል ሰብሮ ማድቀቅን ሲገልጽ ኖሯል። እኛም እንዲህ ያለ ሀብት አለን፤ እንዲያውም አሰባበሩን ለይተን እንጠራለን። ክር ብጥስ፣ ቀንበጥ ቅንጥስ፣ ብርጭቆ እንክትክት፣ የጭቃ ቤት ድርምስ ይላል። እንግሊዝኛው ግን አንዱን ቃል ይዞ ተጓዘ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ገንዘብ ዓለም አሻገረው፤ በ20ኛው ደግሞ ለአውሮፕላንና ለኮምፒውተር አዋሰው።

ቃሉ በዓለም ሁሉ የተሰማው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ መስከረም 3 ቀን (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) 381 ነጥብ ደርሶ ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 13 በመቶ ያህል፣ በማግስቱም 12 በመቶ ያህል ወረደ። በዚያ ማግሥት ከ16 ሚሊዮን በላይ አክሲዮኖች ተሸጡ፤ ዋጋ የሚያትመው መሣሪያ በሰዓታት ወደ ኋላ በመቅረቱ ሻጩ በስንት እንደሸጠ እንኳ አያውቅም ነበር። በ1932 ሐምሌ መለኪያው 41 ላይ ደረሰ። ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ1954 ነው።

ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ መሐል አንድም ብርጭቆ አልተሰበረም። ጎተራው እህሉን፣ ፋብሪካው ማሽኑን እንደያዘ ነበር። የተሰበረው በእኛ አነጋገር የሰው ቅስም ነው። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ 9,000 ያህል የአሜሪካ ባንኮች ወደቁ። ምሥጢሩን እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ያለሁት አውቀዋለሁ፦ ባንክ የተቀበለውን ያበድራል፤ አስቀማጩ ሁሉ በአንድ ጀንበር «ገንዘቤን!» ቢል የሚቆም ባንክ የለም። ግድግዳው መተማመን ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ባንኮቹን ሁሉ ለቀናት ዘግተው፣ ጤነኞቹን መርምረው ሲከፍቱ፣ ሕዝቡ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ማምጣት ጀመረ።

ወደ እናታችን ልመለስ። እስከ እኩለ ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሲስተሙ ሲመለስ ሒሳባቸውን አየሁላቸው፤ ሳንቲም አልጎደለም።

«አንድም አልጎደለም፣ እማማ» አልኋቸው።

«ተመስገን» አሉ፤ ቀጥለውም ሁሉንም አወጡ።

እኔም ቆጥሬ ሰጠኋቸው። የሚመልሳቸው ቃል ግን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አጣሁ።

ቸር እንሰንብት።