ከቆዳ ምልክት እስከ አንጎል ምሥጢር

በአገራችን አንድ ሕፃን በገላው ላይ ምልክት ይዞ ሲወለድ እናቶች «ማርያም ስማዋለች» ይላሉ። አነጋገሩ የፍቅር አነጋገር ነው፤ ልጁም አድጎ በምልክቱ እንዳያፍር ይረዳዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ፥ በግንባርና በዓይን ቆብ ላይ የሚወጣው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው፥ አንዳንድ ጊዜ ከውስጥ የተሰወረ በሽታ መኖሩን ያመለክታል። በሽታው ስተርጅ ዌበር ይባላል። እኛም የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች፥ ሐኪሞች ይህን ነገር እንዴት እንደ ደረሱበት ታሪኩን ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለጓደኞቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1860 ሩዶልፍ ሺርመር የተባለ የጀርመን የዓይን ሐኪም፥ በፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ስላለበትና ዓይኑም ከልክ በላይ ስለ ገዘፈ አንድ በሽተኛ ጽፎ ነበር። በዚህም የቆዳው ምልክትና የዓይኑ ሕመም አብረው መገኘታቸው ተመዘገበ፤ ስለ አንጎል ግን ገና የተባለ ነገር አልነበረም።

ከ19 ዓመት በኋላ፥ በ1879፥ ዊልያም አለን ስተርጅ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ሐኪም አንዲት የስድስት ዓመት ተኩል ልጅ በለንደን ከተማ በሐኪሞች ማኅበር ፊት አቀረበ። ስተርጅ ቀደም ሲል ወደ ፓሪስ ሄዶ በታላቁ የነርቭ ሐኪም በሻርኮ ዘንድ ተምሮ ነበር። የልጅቱ ፊት በቀኝ በኩል በወይን ጠጅ መልክ ተሸፍኗል፤ የቀኝ ዓይኗም ታምሟል፤ የሚያንቀጠቅጣት ግን በግራ ጎኗ ነበር። ስተርጅ ይህን አይቶ እንዲህ ሲል አሰበ፤ የግራውን ጎን የሚያዝዘው በቀኝ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፤ እንግዲያስ በቀኝ ፊቷ ላይ የተከማቹትን የመሰሉ የደም ሥሮች በዚያው ወገን በአንጎሏም ላይ መኖር አለባቸው።

ይህ አሳብ የቀረበው ራጅ ከመገኘቱ 16 ዓመት በፊት ነው። ስተርጅ የራስ ቅልን ሳይከፍት የሕያው ሰው አንጎል የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም፤ የነበረው ዓይኑና ማስተዋሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች ማስረጃህ የት አለ ብለው አሳቡን ተጠራጠሩት። ማስረጃው የተገኘው በ1897 ነው። ካሊሸር የተባለ የጀርመን ሐኪም በዚህ በሽታ የሞተ ሕፃን አስከሬን ሲመረምር፥ አንጎልን በሚሸፍነው ስስ ልባስ ላይ ከመጠን ያለፉ የደም ሥሮች አገኘ። ስተርጅ በአሳብ ያየው ነገር ከ18 ዓመት በኋላ በዓይን ታየ።

ከዚህ ወዲያ ሥራው የራጅ ሆነ። በ1922 ፍሬድሪክ ፓርክስ ዌበር የተባለ የለንደን ሐኪም በሽታው በራስ ቅል ራጅ ላይ እንዴት እንደሚታይ ገለጸ። በማግሥቱ ዓመት ዲሚትሪ የተባለ የአርጀንቲና ሐኪም እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን የሚሄዱትን የኖራ መሥመሮች አስታወቀ። በ1934 ደግሞ የዴንማርኩ ክራበ መሥመሮቹ ያሉት በደም ሥሮቹ ላይ ሳይሆን በራሱ በአንጎል ቅርፊት ውስጥ መሆኑን አስረዳ። በልባሱ ላይ የተከማቹት የደም ሥሮች ደሙን እንደሚገባ ስለማያዘዋውሩት፥ ከሥራቸው ያለው አንጎል ይራባል፤ በጊዜ ብዛትም ኖራ ይጠራቀምበታል። የሚጥለው በሽታና የአንድ ጎን መድከም ከዚህ የተነሣ ነው። በዓይን ውስጥ ደግሞ ግፊት ይጨምርና ግላኮማ ያመጣል።

የበሽታው መነሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይልቅ ቆየ። በአውሮፓም ቢሆን ልጅ ምልክት ይዞ ሲወለድ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ደንግጣ ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር፤ ስንት እናት ባላጠፋችው ጥፋት ራሷን ወቅሳ ይሆን! በ1987 ሩዶልፍ ሃፕል የተባለ የጀርመን የቆዳ ሐኪም፥ እንደዚህ ያሉ በሽታዎች ከወላጅ የሚወረሱ ሳይሆኑ፥ ፅንሱ ከተፀነሰ በኋላ በአንድ ሕዋስ ላይ በሚደርስ ለውጥ የሚመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። እንደ ስተርጅ ሁሉ እርሱም ማስረጃውን የሰጠው ጊዜ ነው። በ2013 በአሜሪካ የኬነዲ ክሪገር ተቋምና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ስተርጅ ዌበር ካለባቸው ከ26 ሰዎች በ23ቱ ዘንድ ጂኤንኤኪው በሚባለው ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ አገኙ። ለውጧ በታመመው ሥፍራ ትገኛለች እንጂ ከአባት ወይም ከእናት የመጣች አይደለችም። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፥ ለውጡ ቀድሞ ከደረሰ ቆዳን፥ ዓይንንና አንጎልን አንድ ላይ ይነካል፤ ዘግይቶ ከደረሰ ግን በቆዳ ላይ ብቻ ይቀራል።

አንባቢያችን ግን እንዳይደነግጥ አደራ እንላለን። ከ1000 ሕፃናት ሦስት ያህሉ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት ይዘው ይወለዳሉ፤ ስተርጅ ዌበር ግን ከ20,000 እስከ 50,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ቢገኝ ነው። ሆኖም ምልክቱ በግንባር ወይም በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ሲሆን፥ ሕፃኑን ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ በጠይም ገላ ላይ ቅላቱ ደብዘዝ ስለሚል አስተውሎ ማየት ያስፈልጋል። በሽታው ጨርሶ የሚድን ባይሆንም፥ የሚጥለውን የሚያስታግስ መድኃኒት፥ ለዓይኑም ጠብታና ቀዶ ጥገና፥ ለቆዳውም የሌዘር ሕክምና አለ። ዓይን በግላኮማ ከጠፋ በኋላ ግን አይመለስም።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፥ ማስተዋል ከመሣሪያ ሊቀድም እንደሚችል፥ ማስረጃ እስኪገኝ ግን አሳብ አሳብ ብቻ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ፊቷ ላይ ምልክት ያለባት ወይም በክፍል ውስጥ የሚጥላት ልጅ፥ እርሷም ሆነች እናቷ ምንም በደል የሌለባቸው መሆኑን ነው። ስትወድቅ የሚሸሻት ሳይሆን፥ ጭንቅላቷን ደግፎ በጎኗ የሚያስተኛትና እስክትነቃ አጠገቧ የሚቆይ ጓደኛ ያስፈልጋታል።