ከሸንኮራው ማሳ እስከ ገበታው፦ የካሪቢያን ከሪ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚነበበው በመዛግብትና በሐውልቶች ላይ ብቻ አይደለም። ብዕር ለመጨበጥ ዕድል ያላገኙ፣ ሐውልትም ያልቆመላቸው ሠራተኞች የሕይወታቸውን አሻራ ትተው ከሚያልፉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ማዕድ ቤት ነው። የቅመሙ አመራረጥ፣ የመፍጫው ዓይነት፣ ለወጡ አሠራር የሚሰጠው ስም ሁሉ አስተውሎ ለመረመራቸው ሰው የትውልዶችን ጉዞ የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው።

በትሪኒዳድ፣ በጉያና፣ በጃማይካና በአካባቢው ባሉ አገሮች ከሠርግ እስከ ለቅሶ ከገበታ የማይለየው ከሪ የተባለው ቢጫ ቅመም ከእነዚህ ምስክሮች አንዱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዱቄት በጣሳ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛ፣ የእንግሊዞች ወይም የሕንዶች ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። የካሪቢያን ከሪ ከሕንድ እንዳለ ተጭኖ የመጣ አይደለም፤ ከለንደን ብቻም አልተቀዳም። በስኳር እርሻዎች ላይ በውል ታስረው የሠሩ ሰዎች ከራሽናቸው በተረፋቸውና በአዲሱ አፈር ላይ ባገኙት ቅጠልና ፍሬ፣ በገዛ እጃቸው ፈጭተው የፈጠሩት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኳርና አዲሱ ጉልበት

እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሻረችበት ሕግ በ1833 ወጥቶ ኦገስት 1 ቀን 1834 በሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም ነፃ ወጡ የተባሉት አፍሪካውያን «ተለማማጅ» በሚል አዲስ ስም እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተገደዱ። ካሳ የተከፈለውም ጉልበቱ ለተበዘበዘው ባሪያ ሳይሆን «ንብረቱን ላጣው» ባለቤት ነበር፤ ለዚሁም 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ።

ከካሳው ከፍተኛ ድርሻ ከተቀበሉት አንዱ በጉያና የስኳር እርሻዎች የነበሩት ጆን ግላድስቶን ነው፤ ይኸውም በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የዊልያም ግላድስቶን አባት ነው። ይህ ሰው ነፃ የወጣው ሠራተኛ በደመወዙ ላይ መከራከር እንደሚጀምር አስቀድሞ ስለ ተረዳ በ1836 ካልካታ ለሚገኝ የንግድ ቤት ደብዳቤ ጽፎ የሕንድ ሠራተኞች እንዲላኩለት ጠየቀ። ከዚህ የተነሣ ዊትቢና ሄስፐረስ የተባሉ ሁለት መርከቦች ወደ 400 የሚጠጉ ሠራተኞችን ይዘው ሜይ 5 ቀን 1838 ጉያና ደረሱ። በ1845 በሜይ ወር የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ጃማይካና ትሪኒዳድ ገቡ። በ1917 ምልመላው እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስ ወደ ጉያና 239 ሺህ፣ ወደ ትሪኒዳድ 144 ሺህ፣ ወደ ጃማይካ ደግሞ 36 ሺህ ያህል ሕንዳውያን ተጓጓዙ።

ውሉ በአብዛኛው ለ5 ዓመት የሚቆይ ነበር። ሠራተኛው ያለ ይለፍ ወረቀት ከእርሻው ወሰን ቢወጣ፣ ወይም የተሰጠውን ሥራ ቢያስታጉል፣ ነገሩ እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ወደ ወህኒ ይወስደው ነበር። በእኛ አገር ዕቃ ተሸካሚን ለመጥራት የምንጠቀምበት «ኩሊ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በካሪቢያን የስድብ መጠሪያ ሆኖ በሕንዳውያኑና በልጆቻቸው ላይ ተለጠፈ። የማስመጫው ወጪ ከፊሉ የሚሸፈነው ከሕዝብ ግብር በመሆኑ፣ ነፃ የወጣው አፍሪካዊ የራሱን ደመወዝ የሚያወርድበትን ተፎካካሪ ለማስመጣት ራሱ እንዲከፍል ተደረገ። የሁለቱ ወገኖች መቃቃር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

በመርከቡ ላይ የተጀመረው ማዕድ

ከካልካታ የሚነሣው መርከብ በመልካም ተስፋ ርእስ ዞሮ ካሪቢያን ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ለሂንዱው ባሕር ማቋረጥ «ካላ ፓኒ»፣ ማለት ጥቁሩን ውሃ መሻገር ነበር፤ ይህም ከወገን የሚያስለይ ተግባር ሆኖ ይታያል። አብሮ መብላት በዘርና በማዕረግ በጥብቅ በተወሰነበት አገር ያደጉ ሰዎች በመርከቡ ላይ ከአንድ ድስት እንዲመገቡ ሁኔታው አስገደዳቸው። ከዚህም «ጃሃጂ ባሂ»፣ የመርከብ ወንድም፣ የሚባለው ዝምድና ተወለደ። ይህ ዝምድና ከመርከቡ ከወረዱ በኋላ ለብዙ ዘመን እንደ ሥጋ ዝምድና ተከበረ።

በመርከቡ ከሚታደለው ራሽን ውስጥ ሩዝ፣ ክክ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የሰናፍጭ ዘይት፣ ጨውና እርድ ይገኙበታል። ባለ መርከቡ ይህን የሰፈረው ሠራተኛው በሕይወት እንዲደርስለት ነው። ለተሳፋሪዎቹ ግን ያቺ አንድ እፍኝ እርድ ከተለዩት አገር ጋር የምታገናኝ የመጨረሻ ክር ነበረች።

ጣሳውና ወፍጮው

«ከሪ» የሚለው ቃል ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ እንደ ተወሰደ ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ተፈጭቶ የተዘጋጀ አንድ ወጥ የከሪ ዱቄት ግን በአመዛኙ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ሥራ ነው። በለንደን እንዲህ ያለ ዱቄት በጋዜጣ ማስታወቂያ ለሽያጭ የቀረበው በ1784 ነበር። የሕንድ የገጠር ሴት እንደ ወጡ ዓይነት እየመረጠች በየዕለቱ የምትፈጨውን ልዩ ልዩ ቅመም ነጋዴው አንድ ጣሳ፣ አንድ ስም፣ አንድ ጣዕም አደረገው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ወደ ትሪኒዳድና ወደ ጉያና ከሄዱት አብዛኞቹ በካልካታ ወደብ የተሳፈሩ፣ ቦጅፑሪና ተመሳሳይ ቋንቋዎች የሚናገሩ የሰሜን ሕንድ ገበሬዎች ነበሩ። በማድራስ በኩል የመጡት ጥቂቶች ናቸው። እስከ ዛሬ በካሪቢያን ገበያ በሚሸጡ በብዙ የከሪ ዱቄቶች ላይ የሚነበበው ስም ግን «ማድራስ» ነው። ጣሳው የነጋዴውን ቋንቋ ይናገራል።

የሠራተኛውን ቋንቋ የሚናገረው ሌላ ዕቃ ነው። በትሪኒዳድና በጉያና «ሲል» እና «ሎርሃ» የሚባሉት ድንጋዮች ከእኛ ወፍጮና መጅ ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሸንኮራው ማሳ የምትሄድ ሴት እርዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቅመሙን በዚህ ድንጋይ ላይ ትደቁስ ነበር። ደንቡ ለ100 ወንዶች 40 ሴቶች እንዲሳፈሩ ያዝ ስለ ነበር ሴቶቹ በቁጥር አነስተኛ ነበሩ፤ በማሳውም ከወንዱ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። የማዕድ ቤቱ ቅርስ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዋናነት በእነዚሁ ሴቶች እጅ ነው።

አዲሱ አፈርም የራሱን ድርሻ ጨመረ። ለምግብ የሚፈለገው የድንብላል ቅጠል በቀላሉ በማይገኝበት አገር ሠራተኞቹ በደሴቶቹ የሚበቅል፣ ሽታው ድንብላልን የሚመስል ባለ እሾህማ ቅጠል ተክል አገኙ። «ባንዳኒያ»፣ የዱር ድንብላል፣ አሉት። አፍሪካውያንና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች «ሻዶን ቤኒ» ይሉታል። አንድ ቅጠል በሁለት ስም በአንድ ድስት ውስጥ ገባ። በጃማይካ ደግሞ ፒሜንቶ የተባለው የአገሩ ፍሬ፣ ሽታው ቅርንፉድን፣ ቀረፋንና ቁንዶ በርበሬን በአንድነት የሚያስታውሰው፣ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቀለ። በፈረንሳይ ይዞታ ሥር በነበሩት በማርቲኒክና በጓድሉፕ የሰፈሩት ሕንዳውያን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከደቡብ የመጡት፣ የተቆላ ሩዝ የሚገባበትን «ኮሎምቦ» የተባለ ዱቄት አወረሱ።

የዱቄቱ አሠራር

በቤት የሚዘጋጀው ዱቄት እንደየቤቱ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። 6 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 2 ከሙን፣ 1 አብሽ፣ 1 ሰናፍጭ፣ 1 ቁንዶ በርበሬ፣ በመጨረሻም 3 ወይም 4 ማንኪያ የተፈጨ እርድ ይበቃል። የጃማይካውን ለመሥራት የፈለገ 1 ማንኪያ ፒሜንቶ ይጨምራል። ለኢትዮጵያዊት ባለሙያ ከፒሜንቶ በቀር ከእነዚህ ውስጥ እንግዳ የሚሆንባት የለም።

ፍሬዎቹ በለዘብተኛ እሳት ላይ በየተራ ይቆላሉ። ድንብላሉ ሽታው እስኪያውድ፣ ሰናፍጩ መፈንጠቅ እስኪጀምር ይጠበቃል። አብሹ ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ እሳት ሊነካው ይገባል፤ ካረረ መላውን ዱቄት ያመርረዋልና። እርዱ አይቆላም። የተቆላው ሲበርድ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ከእርዱ ጋር ተደባልቆ ብርሃንና አየር በማያገኘው ዕቃ ይከደናል። በደንብ የጠቆረ ከሙን ለብቻው ተፈጭቶ ይቀመጣል፤ ይህም «ጊራ» ይባላል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይነሰነሳል።

በዚህ ዱቄት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በርበሬ አይገባም። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። የበርበሬ ዘር መነሻው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፖርቱጋል መርከቦች ሕንድ ደረሰ። ሕንዳውያኑ ካሪቢያን ሲገቡ ግን እጅግ የሚያቃጥለውን ቃሪያ በአገሩ በቅሎ አገኙት። ስለዚህ ማቃጠሉን ለትኩሱ ቃሪያ ትተው ዱቄቱን ለሽታና ለቀለም አዋሉት።

ከድስቱ ውስጥ

ሥጋው በአብዛኛው የፍየል ነው። ሂንዱው የላም፣ ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ ስለማይበሉ ፍየል ሁለቱንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። ሥጋው ከነአጥንቱ ተቆራርጦ በሎሚ ይታጠባል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በጦስኝና በቃሪያ ታሽቶ ያድራል። በማግሥቱ ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ተለውሶ በጋለ ዘይት ውስጥ ይጨመራል።

የሙያው ልብ ይህ ነው። የእርዱ ቀለምና የቅመሙ ሽታ የሚወጣው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም። ጥሬ እርድ አፈር አፈር ይላል፤ በዘይት ሲበስል ግን ይጠቁራል፣ ዘይቱም ከዳር ይለያል። በርበሬዋን በቁሌት የምታበስል ሴት ነገሩን ሳይነግሯት ትረዳዋለች። ከዚያ ሥጋው ይገባና የራሱ ውሃ እስኪመጥ ይታሻል፤ ይህን ትሪኒዳዶች «ቡንጄይ»፣ ጉያናውያን «ቡንጃል» ይሉታል። ክክን በጋለ ዘይትና ቅመም ማጣፈጥ ደግሞ «ቸንኬይ» ነው። እነዚህ ቃላት ከቦጅፑሪ የተወረሱ ናቸው። የአያቶቻቸውን ቋንቋ መናገር የተዉ የልጅ ልጆች፣ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ጎረቤቶቻቸውም ጭምር፣ በምድጃው ዳር ሲቆሙ እስከ ዛሬ ይናገሯቸዋል። በመጨረሻም ሙቅ ውሃ ይጨመርና ወጡ ሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ ይንተከተካል። በጃማይካ ቃሪያው ሳይፈነዳ ሙሉውን ይጣልበታል፤ በሩዝ ይቀርባል። በትሪኒዳድና በጉያና ሮቲ ከተባለው ቂጣ ጋር ይበላል።

አንድ ገበታ፣ የተከፈለ መንደር

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበታ ተገናኙ ማለት ግን ታሪክ የከፈታቸው ቁስሎች ሁሉ ሻሩ ማለት አይደለም። በ1884 በትሪኒዳድ የሳን ፈርናንዶ አካባቢ የሙሐረም በዓል ሰልፍ ላይ የቅኝ ገዥው ኃይል ተኩሶ ከ16 ያላነሱ ሰዎች ሲገደሉ፣ በዓሉ አፍሪካውያንም ከበሮ እየመቱ የሚሳተፉበት ነበር። በ1950 በጉያና ከሸንኮራ ሠራተኞች ቤተሰብ የተወለደው ቼዲ ጄገን ከአፍሪካዊው ተወላጅ ከፎርብስ በርንሃም ጋር በአንድ ፓርቲ ቆመ። በ1953 በምርጫ ያሸነፈው ይህ ኅብረት ሥልጣን በያዘ በ133 ቀን እንግሊዝ ወታደር ልካ ሕገ መንግሥቱን አገደች። በ1955 ፓርቲው ተከፈለ። ከ1962 እስከ 1964 ድረስ ከአንድ ድስት አሠራር የተማሩ ጎረቤታሞች በየመንደራቸው ደም ተፋሰሱ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ማዕድ ሕዝብን ያቀራርባል፤ ነገር ግን በደመወዝና በመሬት የተዘራውን ቅራኔ ብቻውን አይነቅልም። ይህን ሳይናገሩ ስለ ከሪው ውሕደት ብቻ ማሞገስ ሸንኮራውን ያጨዱትን ሰዎች መዘንጋት ይሆናል።

ያም ሆኖ የማዕዱ ሥራ ከንቱ አልነበረም። የደሴቶቹ ገጣሚ ዴሬክ ዋልኮት በ1992 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ንግግሩን የጀመረው ፌሊሲቲ በተባለች የትሪኒዳድ መንደር የሕንድ ዝርያ ያላቸው ልጆች ከሚያሳዩት የራምሊላ ትርዒት ነበር፤ የካሪቢያንንም ባህል ተሰብሮ በፍቅር ከተገጣጠመ ማሰሮ ጋር አመሳስሎታል። ትሪኒዳድ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሜይ 30ን የሕንዳውያን መምጫ መታሰቢያ አድርጋ ታከብራለች። በዓሉ የተመሠረተው በመርከቡ መድረሻ ቀን ነው። ወፍጮው ግን የራሱ ቀን አያስፈልገውም፤ መታሰቢያው በየዕለቱ የሚፈጨው ቅመም ነው።

የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ጠቢቡ የሰፊውን ሕዝብ ታሪክ በሚመረምሩበት ጊዜ ከቤተ መዛግብቱ ባሻገር ወደ ምድጃው ዳርም ጎራ ሊሉ ይገባል። በጣሳው ላይ የታተመው የሻጩ ስም ነው። የሠሪዎቹን ስም የሚያውቀው ድንጋዩና በእጁ የሚፈጨው ሰው ነው። እሱንም ዛሬ ሳይጠየቅ ካለፈ፣ ነገ የሚመልስ አይገኝም።