ወጣ ገባ ካርታ፦ ልሙጥ ቅርጽን ሸካራ የማድረጊያ ዘዴ

የመኪና ዳሽቦርድ በጣታችሁ ዳብሱ። ፕላስቲክ ነው፤ ግን ቆዳ የሚያስመስሉት ጥቃቅን ሽብሽቦች አሉበት። ለብዙ ዓመታት እነዚህ ሽብሽቦች በካድ (በኮምፒውተር የሚሠራ ዲዛይን) ፋይሉ ውስጥ ጭራሽ አልነበሩም። ዲዛይነሩ ልሙጡን ቅርጽ ይሠራል፤ ሸካራነቱ በኋላ የብረቱ ሞልድ በአሲድ ሲበላ ይመጣል። ዛሬም በዚህ መንገድ የሚሠራ ብዙ ነው። ዕቃው በቀጥታ በስሪዲ ፕሪንተር ሲታተም ወይም ሞልዱ በሌዘር ሲቀረጽ ግን ሽብሽቡ ከፋይሉ መምጣት አለበት። ይህን የሚያስችለው ዘዴ «ዲስፕሌስመንት ማፒንግ» ይባላል።

በአማርኛ «ወጣ ገባ ካርታ» ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል። መዝገበ ቃላት «ማፈናቀል» ሊለን ይችላል፤ ያ ቃል ግን ቀዬውን ጥሎ የተሰደደን ሰው ስለሚያስታውስ ለዚህ አይሆንም። «ወጣ ገባ» ስለ መሬትም ስለ ግድግዳም የምንለው ነው፤ አሠራሩንም ራሱ ይናገራል። ካርታው ከጥቁር እስከ ነጭ ባሉ ግራጫ ቀለሞች የተሠራ ተራ ምስል ነው። ምስሉን ቅርጹ ላይ ስናለብሰው ሶፍትዌሩ በየነጥቡ ያለውን ቀለም ያነባል፤ በተለመደው አሠራር ነጩ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ጥቁሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መካከለኛው ግራጫ ባለበት ይቆያል።

«በምፕ ማፒንግ» ከሚባለው ዘዴ ጋር ግን አይምታታብን። ጄምስ ብሊን በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ያ ዘዴ የብርሃኑን ስሌት ብቻ ስለሚቀይር ዓይን ሸካራ ያያል እንጂ ገጹ ልሙጥ ነው፤ ጠርዙን ብታዩት ምንም አልተነካም። ሮበርት ኩክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዲስፕሌስመንት ነጥቦቹን ራሳቸውን ያንቀሳቅሳል። በእጅ ለሚያዝ ዕቃ የሚጠቅመው ይህኛው ብቻ ነው።

ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ምስል ማልበስ አያስቸግርም። ፈተናው እንደ መሣሪያ እጀታ ወይም እንደ እንስሳ አካል በጎበጠና በተጠማዘዘ ቅርጽ ላይ ነው። ብርቱካንን በወረቀት እንደ መጠቅለል ነው፤ አንዱ ጋ ይጨማደዳል፣ ሌላው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ገጹ አስቀድሞ በተመረጡ መስመሮች ተከፍሎ ይዘረጋል፤ ባለሙያዎች ይህን ዝርግ «ዩቪ» ይሉታል። የሥራው ጥራት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በችኮላ የተዘረጋ ዩቪ ለምሳሌ የአዞን ቅርፊት ጀርባው ላይ ደቃቅ፣ አንገቱ ላይ የተለጠጠ ያደርገዋል፤ መጋጠሚያውም ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ከሆድ በታች ወይም ከኋላ ቢደበቅ ይሻላል።

ሌላው ጣጣ የፋይሉ ክብደት ነው። የካድ ሶፍትዌር ልሙጥ ገጽን በሒሳብ ቀመር ስለሚይዘው ጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች ይበቁታል። ወጣ ገባው ግን ገጹ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ወደተሠራ ሜሽ እንዲቀየር ያስገድዳል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ በየ0.1 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ ብናስቀምጥ 1 ሚሊዮን ያህል ነጥብና 2 ሚሊዮን ያህል ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ለስሪዲ ፕሪንተር በሚላከው ባይነሪ ኤስቲኤል ፋይል አንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት ስለሚይዝ ፋይሉ 100 ሜጋባይት ይደርሳል። ራይኖና ብሌንደር የተባሉት ሶፍትዌሮች ወጣ ገባውን የሚሠራ መሣሪያ አላቸው፤ ሜሹ አንዴ ከሻከረ በኋላ ግን ቀዳዳ ማዛወር ወይም ጠርዝ ማለዘብ እጅግ አድካሚ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማምረቻውን ጠይቁ። የፕሪንተሩ አፍ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከዚያ የጠበበ ሽብሽብ በአብዛኛው ሳይወጣ ይቀራል። ምስሉም 8 ቢት ሲሆን 256 የግራጫ ደረጃ ብቻ ስላለው ጥልቅ ወጣ ገባ ላይ እርከን እርከን ሆኖ ይታያል፤ 65,536 ደረጃ ያለውን 16 ቢት ምረጡ። ከሁሉ በላይ ቅርጹ፣ ቀዳዳውና መጋጠሚያው ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ካርታውን አልብሱ፤ ልሙጡንም ፋይል ለብቻው አስቀምጡት፤ ደንበኛው ማሻሻያ ሲጠይቅ የምትመለሱት ወደዚያ ነው።