የፍሬ ጣዕም ያለው ማስቲካ ከየት መጣ?

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፣ አንዱ ጓደኛችን የሙዝ ሥዕል ያለበት የማስቲካ ወረቀት ከኪሱ አወጣና «በዚህ ውስጥ ሙዝ አለ ወይስ የለም?» ሲል ጠየቀን። ግማሾቻችን አለ፣ ግማሾቻችን የለም ብለን ተከራከርን። ሙዝ በመንዝና በግሼ ደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ ተጭኖ ይመጣል። የሙዝ ማስቲካ ግን በየሱቁ ይገኛል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ወላጅ ሥዕሉን አይቶ «ፍሬ ነው» ብሎ ለልጁ ሲገዛ እውነቱን ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ ታሪኩን መርምረን እንደሚከተለው አቅርበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኘክ ለደጋ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። በመኸር ጊዜ ስንዴ ዘግነን ስናኝክ፣ ነጩ ዱቄት ከምራቅ ጋር ይዋጥና የሚለጠጠው ነገር በአፋችን ይቀራል። በገብስ ሞክረን ግን አልተሳካልንም። ይህ የሚለጠጥ ነገር ግሉተን ይባላል፤ በ1728 ያኮፖ ቤካሪ የተባለ የቦሎኛ ሊቅ የስንዴን ሊጥ በውኃ አጥቦ ለይቶታል። በሌላውም አገር ማኘክ የቆየ ልማድ ነው። በዴንማርክ አገር ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ፣ 5,700 ዓመት ያህል የቆየ የታኘከ ሙጫ ተገኝቷል። በ2019 በወጣው ጥናት ሊቃውንቱ ሙጫውን ያኘከችው ሴት እንደ ነበረች ከሙጫው ለይተው አውቀዋል።

ማስቲካ የሚለው ስም የመጣው ኪዮስ በምትባል የግሪክ ደሴት ከሚገኝ ዛፍ ሙጫ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ያን ሙጫ ከጥንት ጀምሮ ያኝኩት ነበር። የዛሬው ማስቲካ ግን በሌላ መንገድ መጣ። በ1860ዎቹ ሳንታ አና የተባሉት የቀድሞ የሜክሲኮ መሪ ቺክል የሚባለውን የአገራቸውን ዛፍ ሙጫ ወደ ኒው ዮርክ አስመጡ። ቶማስ አዳምስ የሚባል ሰው ሙጫውን በጎማ ፈንታ ሊሠራበት ሞከረ፤ አልሆነለትም። የሜክሲኮ ሰዎች እንደሚያኝኩት ሲያስታውስ ግን የሚታኘክ አድርጎ ሸጠው፤ በ1871ም የፈጠራ መብት አገኘበት። ያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በ1893 ደግሞ የሪግሊ ድርጅት «ጁሲ ፍሩት» የተባለውን የፍሬ ጣዕም ያለውን ማስቲካ ለገበያ አቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አብዛኛው ማስቲካ የሚሠራው ከዛፍ ሙጫ ሳይሆን ከነዳጅ ዘይት ከሚገኙ የሚለጠጡ ነገሮች ነው። ሙጫውም ሆነ ይህ ምትክ የፍሬ ጣዕም የለውም። ጣዕሙ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ከየት መጣ? የዚህ መልስ በ1851 በለንደን ከተማ በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ታየ። ያን ጊዜ በሸዋ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። በኤግዚቢሽኑ ላይ ፍሬ ያልገባባቸው የፍሬ ሽታዎች በጠርሙስ ቀርበው ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ሆፍማን እነዚህን መርምሮ ከምን እንደ ተሠሩ ገለጠ። የቆየ ቅቤን የሚያሸተው አሲድ፣ ሸቭሩል የተባለ ፈረንሳዊ ከቅቤ ለይቶ ያወቀው፣ በአረቄ ውስጥ ካለው አልኮል ጋር ሲዋሐድ የአናናስ ሽታ ይሰጣል። ይህ ኤቲል ቡታይሬት ይባላል። አቼቶን የሚያጎመዝዘው አሲድ ደግሞ አረቄ ሲወጣ አብሮ ከሚገኘው ሽታው ከማይወደድ ከባድ አልኮል ጋር ሲዋሐድ አይሶአሚል አሲቴት ይሆናል። የለንደን ሰዎች ፒር በሚባለው ፍሬ ስም ሸጡት፤ ዛሬ በሙዝ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው።

እነዚህን የመሳሰሉ የአሲድና የአልኮል ውሕዶች ኤስተር ይባላሉ። ሙዝም ራሱ እየበሰለ ሲሄድ ይህንኑ አይሶአሚል አሲቴት ይሠራል። ስለዚህ በማስቲካው ውስጥ ያለው ሽታ ውሸት አይደለም፤ ሙዙ ግን የለም። እውነተኛው ሙዝ ከዚህ ሌላ ብዙ ሽታዎች ስላሉት የማስቲካው ጣዕም ከፍሬው ጋር ፈጽሞ አንድ አይሆንም። ንብ አናቢ ወላጆቻችንም ይህን ይስሙ፤ ንብ ስትናደፍ ሌሎቹን ንቦች ለጠብ የምትጠራበት ሽታ በ1962 ሲመረመር ይኸው አይሶአሚል አሲቴት ተገኝቶበታል።

ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው በአፍንጫ የሚገኝ ነው። ምላስ የምትለየው ጣፋጭን፣ ጎምዛዛን፣ ጨውን፣ መራራን፣ እንደ ሥጋ መረቅ ያለውንም ጣዕም ነው። ሙዝን ከብርቱካን የሚለየው አፍንጫ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው የጓሳን ጦስኝ በሻይ ሲጠጣ ሙቅ ውኃ የሚመስለው ስለዚህ ነው። እኛም አፍንጫችንን ይዘን ማስቲካ ስናኝክ ያገኘነው ጣፋጭነትን ብቻ ነበር። አፍንጫችንን ስንለቅ ሙዙ መጣ። ማስቲካ ቶሎ ጣዕሙን የሚያጣውም ስኳሩ በምራቅ ሟሙቶ ስለሚያልቅ ነው። ሽታው ገና በሙጫው ውስጥ ሳለ፣ ስኳሩ ሲያልቅ ሁሉም ያለቀ ይመስለናል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን በአገራችን የተገኘው ነው። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው፣ በቤተ ክርስቲያን የሚታጠነው ነጭ ዕጣን ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚሉት ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ዛፉ በትግራይ፣ በመተማና በሌሎችም ቆላዎች ይበቅላል። ዕጣኑን የሚያኝኩትም ሰዎች አሉ። ኬሚስቶች የዚህን ዕጣን ዘይት ሲመረምሩ ከሁሉ የበዛው ኦክቲል አሲቴት የተባለው ኤስተር ሆኖ አገኙት። ይህ ኤስተር በብርቱካን ልጣጭ ውስጥም የሚገኝ፣ የብርቱካን ጣዕም ለመሥራትም የሚያገለግል ነው። እንግዲህ ሙጫና የፍሬ ሽታ በአንድነት፣ ያለ ፋብሪካ፣ በገዛ ቆላችን ዛፍ ላይ ተገኝተዋል ማለት ነው።

ይህ ዛፍ ግን በአደጋ ላይ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአብዛኛው ቦታ የሚተኩ ወጣት ዛፎች የሉም፤ በሃያ ዓመት ውስጥም የዕጣኑ ምርት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ምክንያቱም እሳት፣ የከብት ግጦሽና ያለ ልክ መቁሰል ነው። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለመቶዎች ዓመታት በቄሮ ሥርዐት፣ ጊዜ ለይተው እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል። የዕጣንም ዛፍ እንዲህ ያለ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ክርክራችን በዚህ አለቀ። «አለ» ያልነው በሽታው፣ «የለም» ያልነው በፍሬው ልክ ነበርን። ለታናናሾቻችን የምንነግራቸው ይህ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል የሽታው ሥዕል እንጂ የፍሬው አይደለም። ሙዝ የሚሰጠውን ጥቅም የሚሻ ሙዝ ይብላ። ማስቲካ የሚያኝክ ግን ከቅቤ አሲድ፣ ከአቼቶና ከአረቄ መልካም መዓዛ እንዴት እንደ ወጣ እያሰበ ያኝክ፤ በየቤቱ ያለውንም ዕጣን በአዲስ ዓይን ይመልከት።